ከጠጉሩ በታች

በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ፣ ዴቨን በሚባለው አካባቢ በአንድ የፈረስ ጋጣ ተቀጥሬ በሠራሁበት የመጀመሪያው ታኅሣሥ፣ አንዲት ግራጫ ባዝራ ኮርቻ ይዤ በቀረብኳት ቁጥር ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣብቃ፣ ወገቧን ወደ ታች ሰብራ ከእጄ ትሸሽ ነበር። እኔም አመለኛ ናት ብዬ ደመደምኩ። እንጅባራ አጠገብ፣ ፈረስ እንደ ቤተሰብ በሚቆጠርበት በአዊ አገር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ስለ ፈረስ ጠባይ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም ነበር። የጋጣው ባለቤት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ሦስት ቀን ያህል ምንም ሳይናገሩ ሲመለከቱኝ ከርመው በአራተኛው ቀን መጡና «ጓንትህን አውልቅ» አሉኝ። አወለቅሁ። «አሁን ጣትህን ከጠጉሯ በታች አስገባና ከዳሌዋ ወደ ጋማዋ፣ ጠጉሩ ከተኛበት በተቃራኒ፣ ቀስ ብለህ ሂድ» አሉኝ።

ከላይ ሲያዩት የባዝራዋ ጀርባ ምንም አልነበረበትም። ጠጉሩ ወፍራም፣ ድፍን ያለ፣ እጅ የሚውጥ ነበር። ጣቴ ከሥሩ ሲደርስ ግን ከወገቧ እስከ ዳሌዋ ድረስ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ደረቅ ቅርፊቶች ተዘርተው አገኘ፤ አንዱን ገና ብነካው ዝንብ እንዳረፈባት ሁሉ ቆዳዋን አርገፈገፈች። ከቅርፊቶቹ አንዱ በራሱ ጊዜ ተላቆ እጄ ላይ ቀረ። ጠጉሩም አብሮት መጥቶ ነበር፤ ሥሩ ተጣብቆ ጫፉ ተበትኖ የቀለም መቀቢያ ብሩሽ ይመስላል። በቅርፊቱ የውስጥ ገጽ ላይ ቢጫ መግል ነበር፣ ቅርፊቱ የለቀቀው ቆዳም ቀላና እርጥብ ሆኖ ታየኝ። እንግሊዞች ይህን ሕመም በቋንቋቸው «የዝናብ ቃጠሎ» ይሉታል። ሴትዮዋም ስሙን ብቻ ነግረውኝ ሄዱ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የቆሰለ ጀርባ ላይ ኮርቻ ስጭን መክረሜን ግን አልነገሩኝም፣ መንገርም አላስፈለጋቸውም።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ሕመሙን ከዚያ በፊት ማየቴ ነው። ያንን ቅርፊት ገና በልጅነቴ፣ በአባቴ ዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ በእጄ ነክቼዋለሁ። ያን ጊዜ ወሩ ነሐሴ ነበር፤ አሁን ደግሞ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ ሁለቱ አንድ ሕመም ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም።

እዚህ ላይ የገዛ ቋንቋችን ትንሽ ያሳስተናል ብዬ አምናለሁ። የፈረንጆችን የብርድ ወቅት ስንተረጉም «ክረምት» እንለዋለን። በእኛ አገር ግን ታኅሣሥና ጥር በጋ ናቸው። ሌሊቱ ውርጭ ቢጥልም ቀኑ ፀሐይ ነው፤ የፈረስ ጀርባም ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ የሚያምረው ያን ጊዜ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ቀን ሲያከብር፣ ፈረሶቹ በግላስና በጌጥ ደምቀው ሲወጡ፣ ቆዳው የተበላሸ ፈረስ ማየት ብርቅ ነው። በሰኔ ደመናው ወርዶ ዝናቡ ሲጀምርና እስከ መስከረም ምድሩ ሁሉ ረግረግ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ከውጭ አገር ጽሑፍ «የክረምት የፈረስ ቆዳ በሽታ» የሚል ነገር አንብቦ ብርድን ቢያስብ፣ በሽታውን በተሳሳተው ወር ይጠብቀዋል። ፈረስ ከብርድ ጋር ብዙ ጠብ የለውም። የሚጎዳው እርጥበት ነው፤ እንግሊዝም ውስጥ ቢሆን ደረቅ ውርጭ ያለበት ሳምንት ለቆዳ በጎ ሲሆን፣ ለብ ያለና ዝናብ የማያባራበት ሳምንት ግን ጋጣውን ሁሉ በቅርፊት ይሞላዋል። በዚህ ጉዳይ ክረምት የሚለው ቃል በትክክል የሚስማማው በእኛ ትርጉም ነው።

የዝናብ ቃጠሎን የሚያመጣው ዴርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ያኔ የቤልጅግ ግዛት በነበረችው ኮንጎ፣ ከብቶች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገልጾ ተጻፈ፤ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «ቆዳ ወዳድ» እንደ ማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ሻጋታ ቅርንጫፍ እያወጣ ስለሚያድግ ብዙዎች ፈንገስ ነው ብለው የፈንገስ መድኃኒት ይገዙለታል፤ ገንዘቡም ጊዜውም በከንቱ ያልፋል። ክሮቹ እየተከፋፈሉ ጎን ለጎን የተደረደሩ ክብ ዘሮች ይሆናሉ፤ ሳንቲም በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ይመስላሉ። እነዚህ ዘሮች በደረቀ ቅርፊት ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ተኝተው ይቆያሉ። ውኃ ሲነካቸው ይነቃሉ፣ ጅራት መሰል ክር አውጥተው በእርጥቡ ቆዳ ላይ ይዋኛሉ፣ መግቢያም ይፈልጋሉ። ጤነኛና ደረቅ ቆዳ አያስገባቸውም፤ በላዩ ያለው ቅባትና የሞተ ሕዋስ ሽፋን እንደ ግንብ ይከላከላል። ለቀናት በውኃ የራሰ ቆዳ ግን ውኃ ውስጥ እንደ ቆየ የእጅ ጣት ይለሰልሳል፤ ዝንብ የነከሰው፣ እሾህ የጫረው ወይም ኮርቻ የፈገፈገው ቦታ ካለ ደግሞ በሩ ክፍት ነው። ቁስሉ ዝናብ በሚያርፍበትና በሚወርድበት መንገድ፣ ማለትም በጀርባ፣ በዳሌና በጎን ላይ እየተንጠባጠበ የወረደ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ይህ የውኃ መንገድ የሚመስል ቅርጽ ከሌሎች የቆዳ ሕመሞች ከሚለዩት ምልክቶች ሁሉ ጥሩው ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደ አባቴ ዳማ ልመለስ። ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ገደማ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ፈረሱን መጠበቅም የእኔ ሥራ ነው። ጀርባው መሻከሩን ያየሁት እኔ ስለነበርኩ ማዳኑንም ለራሴ ሰጠሁት። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ከእህል ወፍጮ ሞተር የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት። በቆርቆሮ ለምኜ አመጣሁ። ከዚያ በፊት ግን መድኃኒቱ «እንዲገባ» ብዬ ቅርፊቱን በደረቁ በበቆሎ ቆረቆንዳ ፈገፈግሁት፣ እስኪደማ ድረስ። ፈረሱ ታጋሽ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ እጅጌዬን በጥርሱ ያዘኝ፣ ግን አልነከሰኝም። ዘይቱን ባፈሰስኩበት ጊዜ ጀርባው ጥቁር ሆኖ አብረቀረቀ፤ እኔም ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ። በሳምንቱ ቆዳው በሰፊው ተገሸለጠ።

አባቴ አልተቆጣኝም። ፈረሱን ከደጅ አውጥቶ የበጎቹን ጉረኖ ግማሽ ለቀቀለት፣ ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ጎዘጎዘለት፣ ኮርቻውንም አውጥቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ኮርቻው እስከ ኅዳር ከዚያ አልወረደም፤ በመስቀል ዕለት አባቴ በእግሩ ሄደ። ፈረሱ ከዳነ በኋላ ጎረቤቶቻችን ዘይቱ እንደ ሠራ ተናገሩ፣ እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ አመንኩ። ዛሬ ሳስበው ግን የአገራችን የቆዳ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ይመስለኛል። በነሐሴ መጨረሻ ምንም ነገር ብትቀቡ፣ መስከረም ፀሐይዋን ይዛ ትመጣና ፈረሱ ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለተቀባው ነገር ይሆናል። ይህ ሕመም እርጥበቱ ከተወገደለት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ የሚሽር ስለሆነ፣ የትኛውም የተሳሳተ መድኃኒት ምስክር አያጣም። ዘይቱ ደግሞ ከንቱ ብቻ አልነበረም። ቆዳን ያቃጥላል፣ እርጥበቱን ከሥሩ ይከድናል፣ ፈረሱ ራሱን በጥርሱ ሲያክክም ወደ ሆዱ ይገባል።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል? ዴቨን ውስጥ በዚያች ባዝራ ላይ የተማርኩትን ቅደም ተከተል ዛሬም አልቀየርኩትም። መጀመሪያ ከዝናብ ማውጣት ነው፤ ይህ ሳይደረግ የሚሠራ መድኃኒት የለም። ቀጥሎ ቅርፊቱን በደረቁ መንቀል የለብንም፤ ያመዋል፣ ጤነኛውንም ቆዳ ይገነጥላል። ለብ ባለ ውኃ አርሶ፣ አለስልሶ፣ በራሱ ፈቃድ የሚለቀውን ብቻ ማንሳት ነው፤ የማይለቀው ለነገ ወይም ለተነገ ወዲያ ይቆያል። የተነሳው ቅርፊት ዘሩን የተሸከመ ስለሆነ መሬት ላይ አይጣልም፣ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ክሎርሄክሲዲን ያለበት ማጠቢያ፣ ብርታቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሆነ፣ በቁስሉ ላይ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ይህ መድኃኒት ለአገራችን እናቶች እንግዳ አይደለም፤ ለአዲስ ሕፃን እትብት በጤና ጣቢያ ከሚሰጠው ቅባት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ክሎርሄክሲዲን በሌለበት በውኃ የተቀጠነ የቁስል አዮዲን ይተካዋል። አሥሩ ደቂቃ ወሳኝ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ብዙ ሰው ቀብቶ ወዲያው ያለቀልቀዋል፣ ከዚያም መድኃኒቱ አልሠራም ይላል።

በመጨረሻ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። ይህች የመጨረሻዋ ሥራ ከሁሉም ትከብዳለች፣ ከሁሉም በላይም ትዘነጋለች። ፈረስን በብርድ ቀን አጥቦ እርጥቡን መተው ሕመሙን መቀለብ ነው። እኔ በፎጣ፣ ፎጣ ሲያልቅ በደረቅ ጭድ እያሸሁ አደርቃለሁ፤ ሰዓት ይፈጃል፣ ወገብም ያማል። ስለዚህ በየቀኑ ከማጠብ ይልቅ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አጥቦ በደንብ ማድረቅ ይሻላል፤ ማድረቅ የማይቻልበት ቀን ከሆነም ጭራሽ አለማጠብ። ቁስሉ ሰፍቶ ፈረሱ ካተኮሰው፣ መብላት ከተወ ወይም እግሩ ካበጠ ግን ነገሩ ከማጠቢያ አልፏል። ያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ያየዋል፣ እንደ ፔኒሲሊን ያለ መርፌም ሊያዝለት ይችላል። ኮርቻ፣ ግላስና ብሩሽ ለታመመው ፈረስ ብቻ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ አንዱን ብሩሽ ከፈረስ ፈረስ ያዞረ ሰው ሕመሙን በገዛ እጁ ያከፋፍላል።

የጀርባው ነገር ይህ ሲሆን፣ የእግሩ ነገር የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዴቨን አፈር ቀይ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው የእንጅባራን ቀይ አፈር አስታውሶኝ ልቤን ነክቶት ነበር፣ ዝናብ ሲወርድበት የሁለቱም ጭቃ አንድ ዓይነት መሆኑን እስክረዳ ድረስ። በእንግሊዝኛ «የጭቃ ትኩሳት» ይሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ትኩሳት የለበትም። ከኮቴው በላይ ባለው የእግር ጀርባ፣ ቆዳው በሚታጠፍበት ቦታ፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ይቀላል፣ ቢጫ ውኃ አውጥቶ ወፍራም ቅርፊት ይሠራል። እግራቸው ነጭ የሆኑ ፈረሶች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ በነጩ ጠጉር ሥር ያለው ሮዝ ቆዳ ለመቁሰል ይቀርባል። ከመንስኤዎቹ አንዱ ያው የጀርባው ባክቴሪያ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ሌሎች ባክቴሪያዎች፣ ፈንገስና ጥቃቅን የእከክ ተባዮችም ያንኑ መልክ ይሰጡታል። ስለዚህ «የጭቃ ትኩሳት» የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የአንድ መልክ ስም ነው። በተለይ እግሩ ረጅም ጠጉር ያለው ፈረስ ሌሊት ሌሊት መሬቱን በእግሩ የሚደበድብ ከሆነ፣ እግሩን ከግድግዳ ጋር ከፋገፈገም፣ ኮሪዮፕቲስ የተባለውን የእግር እከክ መጠርጠር ይገባል፤ እርሱ ደግሞ በማጠብ ብቻ አይድንም።

በእግር ላይ የምንሠራው ትልቁ ስሕተት ንጽሕና ነው ብል የሚስቅብኝ ይኖራል። ፈረሱ ከሜዳ በጭቃ ተለውሶ ሲመጣ እጅ ወደ ውኃ ጎማ ይዘረጋል። ነገር ግን በየማታው በቀዝቃዛ ውኃ የሚታጠብ እግር በየማታው ይርሳል፣ ጭቃውም በውኃው ግፊት ወደ ተሰነጠቀው ቆዳ ጠልቆ ይገባል። ይልቁንም ጭቃው እስኪደርቅ መተውና በማግሥቱ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው። ውኃ የማያስገባ ቅባት ስለመቀባትም ብዙ ይባላል። እኔ የምቀበለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ፣ ፈረሱ ወደ ጭቃው ከመውጣቱ በፊት ከተቀባ። በእርጥብ ቆዳ ላይ የተቀባ ቅባት የወፍጮው ዘይት ታናሽ ወንድም ነው።

ሁሉም ቅርፊት ዝናብ ያመጣው አይደለም። በቀዝቃዛው ወቅት የፈረስ ቅማልም ይበዛል፤ ረጅሙ ጠጉር ለእርሱ ጥሩ ቤት ነው። ፈረሱ ጋማውንና የጭራውን ሥር በአጥር ላይ እየፈገፈገ ጠጉሩን ይጨርሳል፤ በጠጉሩ ሥር በደንብ ብርሃን ላይ ሲታይ ተባዩ ሲንቀሳቀስ ወይም እንቁላሉ ከጠጉሩ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ቅማሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ደም ይመጣል፣ ሌላው የቆዳ ፎረፎር ያኝካል። በአፍ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ደም መጣጩን ይገድላል፣ የሚያኝከውን ግን እምብዛም አይነካውም፤ ለእርሱ በላይ የሚደረግ መድኃኒት ያስፈልጋል። እንቁላሉን ስለማይገድልም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። እዚህ ላይ ለአገር ቤት አንባቢ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለከብት መዥገር የሚረጨውን አሚትራዝ የተባለውን መድኃኒት ፈረስ ላይ አትርጩ። የፈረስን አንጀት ሥራ ያስቆማል፣ ሆዱ ደርቆ እስከ ሞት ያደርሰዋል። ለከብት የተዘጋጀውን የአይቨርሜክቲን መርፌም ለፈረስ መውጋት በተወጋበት ቦታ ከባድ እብጠት ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ሳያዝ አይደረግም።

ጭርት ደግሞ ክብ ክብ እየሆነ ጠጉሩን ያረግፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ኮርቻና መቀነቻ በሚፈገፍግበት ቦታ ነው። ፈንገስ ነው፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ ብቻ ሳይሆን ወደ ሰውም ይተላለፋል። ክንዴ ላይ ሁለት ክብ ምልክት አውጥቶ ለሁለት ወር አስቀምጦኛል፤ ስደውልላት የሰማችው እናቴም ብሳና እንድቀባ መከረችኝ፣ ዴቨን ውስጥ ብሳና ከየት እንደማመጣ ግን አልነገረችኝም። የወለቀው ጓንት ተመልሶ መደረግ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ጭርትም ብዙውን ጊዜ ከወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል፣ ሕክምናው ግን ስርጭቱን ያሳጥረዋል፤ ዘሩ በእንጨት አጥርና በቆዳ ዕቃ ላይ ረጅም ጊዜ ስለሚኖር ጋጣውንም ማጽዳት ይጨምራል።

እነዚህ ሁሉ ቢያስቸግሩም ከባዶች አይደሉም። በአገራችን ከእነርሱ ጋር መምታታት የሌለበት አንድ ክፉ ሕመም ግን አለ፤ በተለይ በወይና ደጋ ከተሞች የሚገኙ የጋሪ ፈረሶችን ይጎዳል። በእግር ወይም በደረት ቆዳ ሥር ገመድ መሰል መስመር ይዘረጋል፣ በመስመሩም ላይ እንደ መቁጠሪያ እብጠቶች ተከታትለው ይወጣሉ፣ እየፈነዱም መግል ያወጣሉ። ፈንገስ የሊምፍ ቧንቧን ተከትሎ የሚያመጣው ሕመም ነው፤ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው እርጥበታማ ቦታዎች ይበልጥ እንደሚታይ የአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች ጽፈዋል። በተቆሰለ ቆዳ፣ በዝንብና በጋራ የጋሪ ዕቃ ይተላለፋል። የዝናብ ቃጠሎ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ይህ ግን ወደ ውስጥ ይሄዳል። ጣታችሁ ከቅርፊት ይልቅ ከቆዳ በታች የሚንከባለል ጉብታ ካገኘ፣ ማጠቢያውን ትታችሁ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፤ ሲጀምር የሚታከመው ሕመም ሲገፋ ፈረሱንም የቤተሰቡን እንጀራም ይወስዳል።

ስለ ጠጉር አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም። ፈረስ ወፍራም ጠጉር የሚያበቅለው በዋናነት ብርዱ ስለመጣበት ሳይሆን ቀኑ ስላጠረበት ነው። ዴቨን ውስጥ በታኅሣሥ ብርሃን ያለበት ጊዜ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ፈረሶቹ በግ እስኪመስሉ ጠጉር ያበቅላሉ። እንጅባራ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙ ስለማይበልጥ የእኛ ፈረስ እንዲያ አይሆንም። ደረቅ ጠጉር ሲቆም በመካከሉ አየር ይይዝና ሙቀቱን ያቆያል፤ የራሰ ጠጉር ግን ይተኛል፣ አየሩም ይወጣል፣ ፈረሱም ይበርደዋል። ፈረንጆች ለዚህ ውኃ የማያስገባ ልብስ ያለብሱታል። ልብሱ ጥሩ ነው፣ ካልረጠበና ትከሻውን ካልላጠው፤ በእርጥብ ጀርባ ላይ ከተደረገና ለሳምንት ካልተገለጠ ግን ከዝናቡ የከፋ ነው። በልብስ ሥር ቅርፊት ብቻ ሳይሆን የከሳ ጎድንም ይደበቃል፤ ወፍራሙ ጠጉር ራሱ ይህን ያደርጋል። ዓይን የሚያየው ድቡልቡል ፈረስ ነው፣ እጅ የሚቆጥረው ግን አጥንት ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ እጅን በጀርባ፣ በጎድንና በአራቱም እግሮች ማሳለፍ ከማንኛውም ማጠቢያ ይበልጣል፤ ጊዜውም ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

አገር ቤት ለፈረስ ልብስ የሚገዛ የለም፣ ይገዛ ማለትም አልፈልግም። የጭድ ክምሩን አንድ ጎን አስረዝሞ ጥላ መሥራት፣ ማሠሪያውን ከረግረጉ ወደ ተዳፋቱ ማዛወር፣ የራሰውን ግላስ መልሶ አለመጫን ግን ከገንዘብ ይልቅ ልብ ይፈልጋል። አባቴ ያንን የበጎች ጉረኖ ለዳማው ሲለቅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ምንም መድኃኒት ሳያነሣ ሕክምናውን ጨርሶት ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። አባታችን አሁን የያዘው ሌላ ፈረስ ነው፣ ቦራ፤ እግሩም እስከ ጉልበቱ ነጭ ነው። «ጀርባው ላይ የሆነ ነገር አለበት፣ ግን አይታይም» አለኝ። በቪዲዮ ሊያሳየኝ ሞከረ፣ መስመሩ አልሆነም። እንግዲያውስ ዓይኑን ተወውና በእጅህ ንገረኝ አልኩት፤ ጣትህን ከጠጉሩ በታች አስገባና ከዳሌው ወደ ጋማው ሂድ። ተልባ ነው? ስንዴ ነው? ወይስ ከቆዳው በታች የሚንከባለል ሽምብራ? ወንድሜ «ቆየኝ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተው፤ ለጥቂት ጊዜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ሰማሁ።

«ገብስ ነው» አለኝ ሲመለስ፣ «ከነገለባው። ሲነሳ ጠጉሩ አብሮ ይመጣል።»

ከበስተጀርባው የአባቴ ድምፅ ተሰማኝ፤ ዝናቡን አሸንፎ «ዘይት ቀባው እንዳይልህ ብቻ!» ይለዋል።